የማታዎቹ ኮሌታ

«እሷማ ምራቴ አይደለች እንዴ? ምንም አትልም።»

ይህን የሰማችው በጠዋት መታጠቢያ ቤት ቆማ፣ ፊቷን በሳሙና ለቅልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና ሳለ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት የሚከፈተው ወደ በረንዳው ነው፤ ቤቱን የሠራው ግንበኛ፣ ሰው ከሰው የሚደብቀው ነገር ይኖረዋል ብሎ ያሰበ አይመስልም። በረንዳው ላይ አማቷ ስልክ ያወራሉ። ጆሯቸው ትንሽ ደከም ስላለ፣ ዝቅ አድርገው ያወሩ በመሰላቸው ቁጥር ድምፃቸው ከፍ ይላል። «ወጥ ነው የሚሆነው፤ ለቀኑም ለማታውም አንድ መለኪያ። ማን ምን ሊል ይችላል?» ይላሉ። «ግን የሰዓቱን ነጥብ አስገብቼበታለሁ። የማታዎቹ ቢንጠራሩም ኤ አይደርሱባትም።» ከወዲያ በኩል ያለው ሰው አንድ ነገር ሳይጠይቃቸው አልቀረም፤ ሰምተው ሳቁ። ያቺን ነገር የተናገሩት ከዚያ ነው። ምራቲቱ ዓይኗን ስትገልጥ ሳሙናው ገባባት። ቧንቧውን ከፍታ ደጋግማ ታጠበች፤ ማቃጠሉ ግን ቶሎ አለቀቃትም። ከሳሙናው ይሁን ከነገሩ እሷም አልለየችውም።

ሁለቱም በአንድ የሙያ ኮሌጅ ልብስ ስፌት ያስተምራሉ። አማቷ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። የልኬት ሜትር ከአንገታቸው ስለማይወርድ ተማሪው ሁሉ «እማማ ሜትር» ይላቸዋል፤ ይዘውት ነው የሚተኙት የሚልም አለ። እሷ ደግሞ የማታውን ክፍል ታስተምራለች። የማታ ተማሪዎች ቀን ሲሠሩ ውለው፣ ከደመወዛቸው ቆንጥረው እየከፈሉ የሚማሩ ናቸው፤ የቀኖቹ ወጪያቸውን የሚችልላቸው ኮሌጁ ነው። ዘንድሮ ታዲያ አዲስ ነገር መጣ፤ ትምህርቱን በኤ የሚጨርስ ተማሪ ወደ ዲግሪው ያለ ክፍያ ይገባል ተባለ። ይህ ከተሰማ ወዲህ ውጤት የሚባል ነገር በእጅ የማይያዝ ፍም ሆነ። ያንዱ መምህር ኤ ረክሷል፣ የሌላው ቢ ከኤ ይበልጣል፣ እገሌ ደግ ነው፣ እገሊት መራራ ናት የሚል ክስ ከየአቅጣጫው ሲጎርፍ፣ የኮሌጁ ዲን አንድ ወጥ የውጤት መመዘኛ እንዲረቀቅ አዘዘ። ያረቀቁት አማቷ ናቸው። የሚጸድቀው ደግሞ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ነበሩ። ባሏ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ሰው በሁለት ፎቅ መሃል ተሰቅሎ ሲቀር ደርሶ ያወርዳል። ቤቱ ሲገባ ግን በእናቱና በሚስቱ መሃል ተሰቅሎ የሚቀረው ራሱ ነው፤ የሚያወርደውም የለም። ጠረጴዛዋ ለሁለት ሰው የተሠራች ስለሆነች ሦስት ሆነው ሲቀመጡባት ክርን ከክርን ይጋጫል። አማቷ ዳቦውን ቆራርሰው፣ ትልቁን ቁራሽ እንደ ሁልጊዜው ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። «ብዪ እንጂ፣ ሙሽሪት። የዛሬው ስብሰባ ረጅም ነው» አሉ። ካገባች አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ለአማቷ ግን ዛሬም ሙሽሪት ናት። ዳቦውን ተቀበለች። መናገር ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን ያጎረሰን ሰው ገና ጉርሻው ከጉሮሮ ሳይወርድ መክሰስ እንዴት ይጀመራል? ባሏ አንዴ እናቱን አንዴ ሚስቱን አየ። «ሳምንቱን ሙሉ ወጥ፣ ወጥ ስትሉ ሰነበታችሁ፤ ለእኔ ግን ይኸው ደረቅ ዳቦ ቀረበልኝ» አለ። እናቱ ሳቁለት። ሚስቱ ሻይዋን ማማሰሏን ቀጠለች፤ ስኳር ግን አልጨመረችበትም ነበር።

ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አማቷ እንደ ልማዳቸው «የሁለት» ብለው ከፈሉ። መንገዱን ሁሉ ስለ ክር ዋጋ አወሩ። ባለፈው ወር ሁለት ጥቅልል በተገዛበት ዛሬ አንዱን እየለመኑ ነው፤ ያውም የሚበጣጠሰውን። እሷ ራሷን እየነቀነቀች በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታያለች። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እጅጌ ሳይኮማተር ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚገባ ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው። ስትታመም ሾርባ ይዘው አልጋዋ ጫፍ ላይ የሚቀመጡትም እሳቸው ናቸው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ እንዴት በቀለለ! «ምንም አትልም» ያሏትም በንቀት አልነበረም፤ እርግጠኛ ሆነው ነው። የሚያንገበግባትም ይሄው ነበር። ሰው የቤቱን ወንበር ይችለኝ ይሆን ብሎ ሳይጠይቅ ዘጭ ብሎ እንደሚቀመጥበት፣ እንዲሁ ነበር የተቀመጡባት።

ኮሌጁ ሁለት የስፌት ክፍሎች አሉት። የቀኑ ክፍል ከፊት ለፊት ነው፤ ሰፊ፣ ብርሃን የሞላበት፣ አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪኖች ነጭ ጨርቅ ለብሰው በሰልፍ የተደረደሩበት። የማታው ከኋላ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። መኪኖቹ አሮጌ ከመሆናቸው የተነሳ አንዱ ሲሰፋ የጎረቤቱ ጠረጴዛ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ቀን ቀን ይቺ ክፍል ዝግ ናት፤ ማታ ማታ ደግሞ የሚዘጋው የፊተኛው ነው፤ ቁልፉ አማቷ ወገብ ላይ ይንጠለጠላል። ነገሩ እንደ ክረምት ዝናብ የተለመደ ስለነበር ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ባለፈው ሳምንት የሴሚስተሩ የተግባር ፈተና ተሰጥቶ፣ የቀኑም የማታውም ተማሪ በየክፍሉ፣ በመምህሩ ፊት ከአንድ ዓይነት ነጭ ጨርቅ የሸሚዝ ኮሌታ ቆርጦ ሰፍቷል። ኮሌታዎቹ በስም ፈንታ ቁጥር ተሰክቶባቸው በሁለት ካርቶን ተቀምጠዋል።

ረቂቁን መምህራን ክፍል ውስጥ አገኘችና ቆማ አነበበችው። ሲያዩት እንከን የለውም። ለአቆራረጥ ይህን ያህል፣ ለስፌት ይህን ያህል፣ ለጫፍ አወጣጥ፣ ለአተኳኮስ፣ ለንጽሕና። ከግርጌ፣ «በስፌት ክፍል ውስጥ ለቆየበት ሰዓት፣ ሃያ ነጥብ» ይላል። ኤ የሚጀምረው ከዘጠና ነው። የማታ ተማሪ ሰዓት የቀኑን ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ ከሃያው ስምንት ብታገኝ ነው። ስለዚህ ኮሌታዋን እንከን የለሽ አድርጋ ብትሰፋው እንኳ ከሰማንያ ስምንት አታልፍም። ማንም አልተሰደበም፣ ማንም አልተከለከለም፤ በሩ ክፍት ነው፣ ደረጃው ብቻ ተነስቷል።

የቀኑን ክፍል የሚያስተምሩት ሽማግሌ፣ ጡረታቸው የደረሰ፣ ነገር የማይወዱ ሰው ናቸው። ሻይ ቤቱ ጥግ ብስኩታቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ አገኘቻቸው። ነገሩን አስረዳቻቸው። ብስኩቱ ተበጥሶ ብርጭቆው ውስጥ እስኪሰምጥ ድረስ አዳመጧትና፣ «አየሽ ልጄ፣ ልክ ነሽ» አሉ። «ግን በልክነት ማን ጡረታ ወጥቶ ያውቃል?» አሉና የሰመጠውን በማንኪያ ፍለጋ ጀመሩ። ከእሳቸው የሚገኘው ይኸው መሆኑን አውቃ ተነሳች።

ስብሰባው ላይ አራት ሆነው ረጅሙን ጠረጴዛ ከበቡ። ዲኑ ወጣት ነው፤ ድሮ የእማማ ሜትር ተማሪ ነበርና ዛሬም ፊታቸው ሲቀርብ ሸሚዙን ሳያውቀው ያስተካክላል። ረቂቁን ጮክ ብሎ አንብቦ ጨረሰ፣ እስክሪብቶውን አነሳ፣ «እንግዲህ አስተያየት ከሌለ...» አለ።

«አለ» አለች።

ሦስቱም ወደ እሷ ዞሩ። «የሰዓቱ ነጥብ ይውጣ።»

አማቷ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ። «ምን አልሽ፣ ሙሽሪት?» ሥራ ቦታ እንዲህ ብለው ጠርተዋት አያውቁም፤ አምልጧቸው ነው።

«የሰዓቱ ነጥብ ይውጣ ነው ያልኩት፣ እማማ።» እሷንም አመለጣት። ዲኑ ቀና ብሎ የጣሪያውን አምፖል መመርመር ጀመረ።

አማቷ አልተቆጡም። እንደ ጥሩ መምህርት ከስር ጀመሩ። ሙያ በሰዓት ነው የሚገኘው፤ እጅ መኪናውን የሚለምደው አብሮት በዋለ መጠን ነው። የማታዎቹ ከሥራ ደክመው ይመጣሉ፤ ግማሾቹ ፔዳሉ ላይ እግራቸውን ጭነው ያንቀላፋሉ። «ጠልቻቸው አይደለም» አሉ። «ያሳዝኑኛል እንጂ። ግን በሬ ሲነዳ ለዋለ ልጅና እግረ መንገዱን ብቅ ላለ ልጅ እኩል ድርሻ አይሰጥም።»

«ሰዓቱ እኮ ኮሌታው ላይ ይታያል» አለች። «ብዙ የተለማመደ ጥሩ ከሰፋ፣ ለጥሩ ስፌቱ ነጥብ አግኝቷል። ታዲያ አንዴ የተቆጠረ ነገር ሁለተኛ ለምን ይቆጠራል? ኮሌታው ላይ ካልታየ ደግሞ ያ ሰዓት የት ገባ?»

ሽማግሌው መምህር ሳል ያዛቸው። ዲኑ ከአምፖሉ ወረደ። አማቷ ግን ፊታቸው በራ፤ እንደተረቱ ሳይሆን መሣሪያ እንደተቀበሉ። «ይታያል!» አሉ፣ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መታ አድርገው። «እኔም የምለው እሱን ነው። ካርቶኖቹን አምጡልኝና ደባልቁ። ቁጥሩን ሳላይ፣ የቀኑን ከማታው አንድ በአንድ ለይቼ አሳያችኋለሁ።»

ካርቶኖቹ መጡ። ዲኑ ኮሌታዎቹን በሁለት እጁ ደባለቃቸው፣ ቁጥሮቹንም ወደ ውስጥ አጠፈ። አማቷ አንዱን አነሱ፤ ፊቱን እንኳ አላዩትም። ገልበጥ አድርገው የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በስፌቱ ስር አስኬዱበትና «ቀን» ብለው ወደ ቀኝ አስቀመጡት። ቀጠሉ። «ማታ። ማታ። ቀን። ማታ።» ሲጨርሱ ሽማግሌው ቁጥሮቹን ከየዝርዝሩ ጋር አስተያዩ፤ ከዚያም ወደ እሷ ላለማየት አንገታቸውን ደፍተው፣ «አንድም አልሳቱም» አሉ።

አማቷ በኩራት ሳይሆን በርኅራኄ ነበር ያዩዋት፤ ያ ደግሞ ባሰ። «አየሽ ልጄ፣ ከስር ክሩ ይላላል። የማታ ስፌት ሁሌም ከስር ይላላል። እጅ ነው፤ አይደበቅም።»

ዲኑ እስክሪብቶውን እንደገና አነሳ። እሷ ወደ ግራ የተከመሩትን ኮሌታዎች ሳበችና አንዱን ገለበጠች። እውነት ነው፣ ይላላል። ሌላውን ገለበጠች፤ ቁጥሩን ታውቀዋለች። የሆስፒታል አንሶላ ስትተኩስ የምትውለዋ፣ ክፍሉን በሳቅ የምትሞላው ሳቂታዋ ተማሪዋ የሰፋችው ነው፤ እሱም ይላላል። የክፍሉ ሰነፍ ተማሪ የሰፋውንም አየች። ያም ልክ እንደዚያው ላልቷል፤ አንዲት ክር ሳትበልጥ፣ አንዲት ክር ሳታንስ።

«እማማ» አለች ቀስ ብላ፤ «ሁሉም ላይ ነው ያሉት?»

«ሁሉም ላይ።»

«የጎበዙም የሰነፉም?»

«አልኩሽ እኮ፣ ሁሉም...» አሉና ቆሙ። እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ ክርና መርፌ ያነበቡ ናቸው፤ የጀመሩት ዓረፍተ ነገር ወዴት እንደሚወስዳቸው ከማንም ቀድሞ የገባቸው ራሳቸው ነበሩ።

«የሁሉም ሰው እጅ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ልክ አይላላም» አለች። «ይሄ የእጅ አይደለም። የመኪና ነው።»

ኮሪደሩ ላይ ሰው እየሳቀ አለፈ። ሽማግሌው ከዝርዝራቸው ቀና አሉና፣ ከዚያ ጡረታ ከሚሉት ነገር ጋር የተማከሩ ይመስል ትንሽ ቆይተው፣ «እነዚያን አሮጌ መኪኖች እኔም አውቃቸዋለሁ» አሉ። «አንድ ሰሞን ጨርቄን ወስጄ ሞክሬባቸው ነበር። በእኔም እጅ ላልቷል።»

«አዲሶቹ ማታ ማታ ምን ይሠራሉ?» ሲል ዲኑ ጠየቀ።

«ይቆለፋሉ» አሉ አማቷ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ዝቅ ብሎ ነበር። ከዚያ ግን አገገሙ። «እነዚያን መኪኖች በየቢሮው ደጅ ተለማምጬ፣ ተለማምጬ ነው ያመጣኋቸው። አንዱ ቢሰበር ማን ይተካልኛል? አንተ ትተካልኛለህ?»

ዲኑ አይተካም። ያደረገው ነገር ቢኖር የሰዓቱን ነጥብ በእስክሪብቶው መሰረዝ ነው፤ ነጥቡም ለስፌቱና ለጫፉ ተከፋፈለ። ማንም መምህር የራሱን ተማሪ እንዳያርም፣ የቀኑን እሷ፣ የማታውን ሽማግሌው እንዲያርሙ፣ የላላው የስር ክርም በማንም ላይ እንዳይቆጠር ተባለ። ስለ መኪኖቹ ሲጠየቅ ግን «እሱን በሚቀጥለው በጀት እናየዋለን» ብሎ ወረቀቱን ሰበሰበ። «እኔ ዛሬ ማታ ክፍል አለኝ» አለችው። ፈገግ ብሎ ወጣ።

እርማቱ አመሻሹ ላይ አለቀ። ሽማግሌው ሳያዳሉ፣ ሳይምሩም አርመዋል። ከማታዎቹ ሁለቱ ኤ አገኙ፤ ሁለቱም እሷ ያልጠበቀቻቸው፣ ከኋላ ተቀምጠው ድምፃቸው የማይሰማ ልጆች ናቸው። የሳቂታዋ ግን ቢ ሆነ። እሷ ለራሷ በልቧ ኤ ሰጥታት ነበርና ኮሌታውን አንስታ ጫፎቹን ገጠመቻቸው፤ ግራው ከቀኙ ረዘም ይላል። ይሄኛው በመኪናው አይሳበብም። መከራከር አማራት፤ ተወችው። ቀን አንድ መለኪያ ይሁን ብሎ ጮኾ ማታ ለወዳጅ ይቅር ማለት አይሆንም።

ተማሪዎቹ አንድ ሁለት እያሉ መጡ። አንዷ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ አንዱ ዳቦ እያኘከ። ወደ ኋላው ክፍል ሊያልፉ ሲሉ የፊተኛው በር ላይ ተደግፋ አገኟት። «ዛሬ እዚህ ነን» አለቻቸው። ተቆልፏል አሏት። «አውቃለሁ» አለች፤ ውጤታቸውንም እዚያው እንደቆሙ ነገረቻቸው። ሳቂታዋ ቢ መሆኑን ስትሰማ ፊቷ ጨለም አለና፣ «ኤ ያገኘ አለ?» ብላ ጠየቀች። «ሁለት አሉ።» «ከኛ?» «ከኛ።» ሳቂታዋ ኮሪደሩን በጭብጨባ አናጋችው። የራሷን ረስታ ሁለቱን ዝምተኞች እያነቀች ሳመቻቸው።

በጭብጨባው መሃል ነበር አማቷ ቦርሳቸውን አንግተው ከቢሯቸው የወጡት። ጭብጨባው ረገበ፤ ተማሪው ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ሰጠ። ምራታቸው ግን ከበሩ ፈቀቅ አላለችም።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ክፍላችን ነው፣ እማማ። ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ነገ በሥርዓቱ እንነጋገራለን። ነዪ፣ ታክሲ ሳይጠፋ እንሂድ።»

«እርስዎ ይሂዱ። እኔ ማስተማር አለብኝ።»

አማቷ ጠጋ አሏት። የሚናገሩት ለእሷ ብቻ ነበር፣ ግን ያው እንደ ልማዳቸው ሁሉም ሰማ። «አንቺ ልጅ፣ አንድ ቤት እኮ ነው የምንገባው።»

«አንድ ቤት ነው» አለች። «እራቱንም አብረን እንበላለን፤ ነገም አብረን እንመጣለን። ቁልፉን ግን አሁን ይስጡኝ።» እጇን ዘረጋች። አማቷ መዳፏን አዩት። እጇ መዛል ጀመረ፤ አላወረደችውም። ከተማሪዎቹ አንዱ አሳለ። በመጨረሻ አማቷ ወገባቸውን ዳበሱ፣ ቁልፉን ከማሰሪያው ፈቱ፣ መዳፏ ላይ አስቀመጡት። እጃቸውን ግን ወዲያው አላነሱትም።

«አንድ መርፌ ተሰብሮ ባገኝ ከራስሽ አልወርድም።»

«አይውረዱ።»

ጫማቸው ኮሪደሩን እየቀጠቀጠ ሲርቅ ሰማች፤ ዞር ብላ አላየችም። በሩን ከፈተች፣ መብራቱን አበራች፣ የመኪኖቹን ነጫጭ ልብሶች አንድ በአንድ ገፈፈች። ተማሪዎቹ የሰው ሳሎን እንደገቡ ሁሉ ከግድግዳው ተጠግተው ቆሙ፤ ተቀመጡ እስክትላቸው የተቀመጠ የለም። ቀድማ የሰፋችው ሳቂታዋ ናት። ፔዳሉን ስትረግጠው መኪናው በዝምታ ሲሄድላት ደንግጣ እግሯን አነሳች፤ ከዚያ በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች። ኮሌታዋን ስትጨርስ ሩጣ ይዛው መጣች። መምህርቷ ገልብጣ ጥፍሯን በስፌቱ ስር አስኬደችበት፤ ጥብቅ ነው። ጫፎቹን ገጠመቻቸው፤ ግራው አሁንም ረዘም ይላል። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ባሏ ነው። አላነሳችውም።

«ተርትሪው» አለቻት።

«ውይ ቲቸር! ትንሽ እኮ ናት!»

«ትንሽ ናት። ግን አሁን ያንቺ ናት፤ የመኪናው አይደለችም። ተርትሪው።»

ሳቂታዋ ኮሌታዋን ተቀብላ ወደ መኪናው ተመለሰች፣ ምላጯን አነሳችና፣ ትከሻዋ በሳቅ እየተናጠ፣ የመጀመሪያውን ክር በጠሰች።